ዘይነብን ፍለጋ እስከ መንጌ

አሶሳን ለማየት ብዬ አልሄድኩም። የሄድኩት አንዲት በሽተኛዬን ስለዋሸኋት ነው። ከተመለስኩ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ አገሩ እንዴት ነው፣ ሙቀቱስ፣ መንገዱስ እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ወደዚያ የሚያደርስ ጉዳይ በሕይወታቸው ላይገጥማቸው ይችላል። ስለዚህ የሆነውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳለ ልጻፈው።

አዲስ አበባ፣ በአንድ ሆስፒታል የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ዘይነብ ከአሶሳ በተጻፈ ሪፈር ወደ እኛ የመጣችው በየካቲት ነበር። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በርታ ነው፤ አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ስለምትል ክፍሉ ውስጥ የተኙት ይስቁ ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ እንደ ከዘራ እጀታ ይቆለመምና በጀርባ በኩል ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። የዘይነብ ግን ከተቆለመመበት ዝቅ ብሎ፣ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ጀምሮ፣ በክር እንደታሰረ ጠቦ ነበር። ስለዚህ ደሙ ከላይ ይከማቻል፤ ራስ ምታትና ነስር አይለያትም፣ እግሮቿ ደግሞ ይዝላሉ። እንዲህ ያለው ችግር በልጅነት ከተገኘ ሥራው ይቀላል። አዋቂ ላይ ግን የደም ሥሩ ደርቋል፤ ሰውነት በራሱ የከፈታቸው አቋራጭ የደም ሥሮችም ወፍረው ሲነኩ ብዙ ይደማሉ። የእሷ ከጠበበው ቀጥሎ ማበጥም ጀምሮ ነበር። ይህን ሥራ የሚያውቅ የሐኪሞች ቡድን ከውጭ መጥቶ ከእኛ ሐኪሞች ጋር ለጥቂት ሳምንታት ይሠራ ስለነበር ሰኞ ተራ ተያዘላት።

ከእሷ አጠገብ ሙሉ የምትባል ሴት ተኝታ ነበር። የሙሉ ሕመም የልብ በር (ቫልቭ) ነው። ሁለቱ በአሥር ቀን ውስጥ እንደ እህትማማች ሆኑ፤ ሙሉ ጸጉሯን ትሠራላት ነበር። ሐሙስ ዕለት ሙሉ ወደ ቀዶ ሕክምና ገብታ በሕይወት አልወጣችም። አንሶላውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ዘይነብ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና ሙሉ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች አልኳት። በእኛ ዘንድ መርዶ ሰዓትና ሰው ተመርጦለት ነው የሚነገረው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ቢላዋ ሥር ለምትገባ ሴት ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከሰዓት በኋላ ዘይነብ ወደ ግቢው ወርዳ የሙሉን ወንድም መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አየችው። ዓርብ ጠዋት ስገባ አልጋዋ ባዶ ነበር። የሆስፒታሉን ልብስ አጥፋ፣ ትራሱ ላይ አስቀምጣ ሄዳለች። ስልኳ ዝግ ነው።

ሐኪማችን ነገሩን ስነግረው አልተቆጣኝም። ቡድኑ ከመሄዱ በፊት የመጨረሻው ሐሙስ ክፍት እንደሆነና እንደሚያቆይላት ብቻ ነገረኝ። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ወደ አገሯ ልሄድ እንዳሰብኩም ነገርኩት።

«ሂጂ» አለኝ። «ለማምጣት ብለሽ ግን እንደገና እንዳትዋሺያት።»

ሰኞ ገና ሳይነጋ ከአውቶቡስ ተራ ተነሳሁ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከአምቦ ወዲያ ምዕራብን ረግጬ አላውቅም። የእኛ አገር ሜዳው ሰፊ፣ ዛፉ ባሕር ዛፍ፣ ነፋሱ አጥንት የሚሰብር ነው። ከባኮ በኋላ ግን ምድሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እየበዛ ሄደ። የሁዳዴ ጾምና የረመዳን ጾም የገጠሙበት ሰሞን ስለነበር አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ግማሾቻችን ሽሮ ፍለጋ ገባን፤ ሌሎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ሥጋ ያዘዘው ሹፌሩ ብቻ ነበር።

ነቀምት ያደርኩበት ፔንሲዮን ቧንቧው ደርቆ ነበር። ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ራሳቸው በባልዲ ውኃ አሙቀው አመጡልኝ። እግሬን ስታጠብ በሩ ላይ ቆመው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። አሶሳ ስላቸው ዘመድ እንዳለኝ ጠየቁ። የለኝም አልኳቸው። ዘመድ ሳይኖር እዚያ ድረስ የሚሄደው ወይ ወታደር ነው ወይ ነጋዴ ነው አሉኝ፤ ሁለቱንም እንዳልሆንኩ ግን ያውቁ ነበር።

ማክሰኞ ከነቀምት ጊምቢ፣ ከጊምቢ ነጆ፣ ከነጆ መንዲ ተጓዝን። በየኬላው እንወርዳለን፤ ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል ተሰልፈን መታወቂያ እናሳያለን፤ ተፈትሸን እንሳፈራለን። ይህ መንገድ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል። ተሳፋሪው ስለዚያ ብዙ አያወራም። ፍተሻው በተራዘመ ቁጥር ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ ዝም ይላሉ። ከአዲስ አበባ ለብሼው የወጣሁትን ሹራብ ጊምቢ ላይ አወለቅሁ፤ መንዲ ላይ ነጠላዬንም አጥፌ ያዝኩት።

የዳቡስን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ቀርከሃው ጀመረ። በእኛ በኩል ቀርከሃ ደጋ ላይ፣ ውኃ ባለበት ነው የሚታየው፤ እዚህ ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖት ቆሟል። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል። ባምባሲ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከአውቶቡሱ ሥር ትልቅ ድምፅ ተሰማና ወደ አንድ ጎን ተንጋደድን። ባሌስትራው ተሰብሮ ነበር። ሰዓቱ ወደ ማታ እየሄደ ስለነበር በዚያ ያለፈ አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። የእኔ ሻንጣ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ፣ ከብዙ ማዳበሪያ ከረጢት ሥር ስለነበር ማውረድ አልተቻለም። ውስጡ የደም ግፊት መለኪያዬ ነበረበት።

ከነቀምት ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው አቶ ዲንቃ ይባላሉ። የባምባሲ በቆሎ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸው ከወለጋ መጥተው ነው የሰፈሩት። መኪናው ሲያወርደን ማደሪያ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ማደሪያ አለ፣ ቤቴም አለ አሉና ቀድመውኝ ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ በሩ ላይ «ባጋ ነጋን ዱፍቴ» ብለው ሁለት እጄን ያዙኝ። በደህና መጣሽ ማለታቸው ነው። ወዲያው ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ከእርጎ ጋር ቀረበ። እንደምጾም ስናገር እፍረት ያዘኝ፤ እንግዳ ሆኖ መምጣት ሳያንስ ምግብ መመለስ። ወይዘሮ ጫልቱ ግን ቂጣውን አንስተው ገቡ። ጎመን በዘይት ሠርተው፣ ሌላ ቂጣ ጋግረው ተመለሱ። ጴንጤዎች ናቸው፤ ሳይበላ ጸሎት ሆነ።

እየበላን ወዴት እንደምሄድ ነገርኳቸው። አንዲት የልብ በሽተኛ ከሆስፒታል ጠፍታ ልፈልጋት ነው አልኩ፤ ለምን እንደጠፋች አልተናገርኩም። ወይዘሮ ጫልቱ እጃቸውን ከትሪው መለሱ። ከዓመታት በፊት ወንድማቸው ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲደውሉ «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ይባሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን አስከሬኑ በመኪና መጣ።

«ስለ ሞቱስ እግዚአብሔር አጽናንቶኛል፣ ልጄ» አሉኝ። «እነዚያ ሦስት ቀኖች ናቸው እስከ ዛሬ ያልለቀቁኝ። እሱ ሞቶ እኔ እዚህ እስቅ ነበር።»

ከእራት በኋላ እንደገና በኦሮምኛ ሲጸልዩ ከመካከሉ የለየሁት «ዘይነብ» የሚለውን ስም ብቻ ነበር። ሙስሊም እንደሆነች ነግሬያቸዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ስነሳ ሻንጣዬ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አቶ ዲንቃ ንጋት ላይ ሞተር ሳይክል ተውሰው አውቶቡሱ የቆመበት ድረስ ሄደው አምጥተውታል። መለኪያው ደህና ነበር። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ግራ ሲገባኝ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ መስኮት ሁለት ማንጎ አቀበሉኝና ሂጂ ብለው መኪናውን በእጃቸው መቱት።

አሶሳ ጠፍጣፋ ከተማ ናት። ባጃጅ ይበዛል፣ የማንጎ ዛፍ ደግሞ ከባጃጁ ይበዛል። በእኛ ሰፈር ማንጎ ከሱቅ ተመርጦ ይገዛል፤ እዚህ የመሥሪያ ቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሙቀቱን ስነግራቸው ሰዎች አያምኑኝም። በአራት ሰዓት ጥላ ያለበትን የመንገድ ጎን መርጦ መሄድ ግድ ይሆናል። ሰላምታቸው ግን እንደ ደብረ ብርሃን ረጅም ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆመውም አያሳጥሩትም።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ የነበረውን ስም ይዤ ጠያይቄ አገኘሁት። ጤና መኮንን ሐሩን ይባላል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ የበርታ ተወላጅ ነው። የዘይነብን ሕመም መጀመሪያ የጠረጠረው እሱ ነው። የክንዷ ግፊት ከእግሯ ጋር አልገጥም ሲለው ደጋግሞ ለክቶ ነው የላካት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ አልተለወጠም። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ራሱ የጻፈው ሪፈር ነበር። ዘይነብ ሰኞ ዕለት መጥታ መልሳለት ወደ መንጌ፣ ወደ እናቷ ቤት አልፋለች።

ምን እንዳለችው ጠየቅሁት። እዚያ የሚሆነውን ሁሉ ይነግሩሻል ብሎ የላካት እሱ እንደነበረ፣ እሷም «አንተም ዋሸህ» ብላው እንደወጣች ነገረኝ። ይህን ሲለኝ ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው። እኔ የተናገርኩት አንድ ውሸት እሱንም ውሸታም እንዳደረገው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰበብ አላቀረብኩም። በማግስቱ ፈቃድ ወስዶ በሞተሩ ሊያደርሰኝ ተስማማ።

ሐሙስ በጠዋት ወደ መንጌ ወጣን። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው ቀይ፣ ዱቄት የመሰለ። ሐሩን ጾመኛ ስለነበር አፉን በሻሽ ጠቅልሎ ዝም ብሎ ይነዳል። አንድ የደረቀ ወንዝ ስንሻገር ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠና ሁለታችንም ወደቅን። የእኔ ቀሚስ ከጉልበቱ ተቀደደ፤ ጉልበቴም ተላጠ። እዚያው ወንዙ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው በገበቴ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። ሥራቸውን ትተው መጡ። አንዷ በጣም አርጅታለች፤ ከጀሪካን ውኃ እያፈሰሰች በጣቷ አሸዋውን ከቁስሌ አወጣች። ሌላዋ በኩባያ የሚጠጣ ውኃ አቀረበችልኝ። ሁሉም ጾመኞች ስለነበሩ ፊታቸው መጠጣት ከበደኝ፤ እንቢ አልኩ።

አሮጊቷ ኩባያውን ተቀብላ አፌ ላይ አደረገችው። «ጠጣ» አለችኝ። «ጾም የኛ ነው። አንተ መንገደኛ ነህ።»

ከመንጌ ከተማ ሞተሩን ትተን በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። የዘይነብ እናት ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው የተጠለፈ ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር። በእኛ አገር ግድግዳ ነፋስ እንዳያስገባ ተብሎ ይመረጋል፤ እዚህ ነፋስ እንዲያስገባ ተብሎ ክፍት ይተዋል። ዘይነብ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ የደረቀ ባምያ ትለቅማለች። አየችኝ። አልተነሳችም። እናቷ አሻ ግን ተነስታ የገመድ አልጋ ጥላ ውስጥ አወጣችልኝ፤ ማን እንደሆንኩ ገና አታውቅም።

በመንገድ ላይ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ።

«ሙሉ ሞታለች» አልኳት። «ሐሙስ ዕለት፣ ቀዶ ሕክምናው ላይ። አንቺ ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር።»

«ወንድሙ ሲያለቅስ አየሁ» አለች፣ ከባምያው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «ለምን ዋሸህ?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«አንቺን። ትሄጃለሽ ብዬ።»

ያን ጊዜ ቀና አለች። «ሄድኩ» አለችኝ።

እናቷ ሐሩንን በበርታ ጠየቀችው፤ እሱም ማንነቴን ነገራት። ከዚያ ቁጭ አለችና በእሱ በኩል ልጇ ትሞት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሐኪሙ የነገረኝን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ካልተሠራ ያበጠው የደም ሥር አንድ ቀን ሊፈነዳ ይችላል፤ ቀኑን ማንም አያውቅም፤ ሌላ ልጅ ብታረግዝ ደግሞ የባሰ ነው። ከተሠራ ከሚሞቱት የሚተርፉት ይበዛሉ፤ የሚሞቱ ግን አሉ። ብዙ ልትደማ ትችላለች። ወደ አከርካሪ የሚሄደው ደም ለጊዜው ስለሚቋረጥ እግሮቿ ላይታዘዙላት ይችላሉ። የድምፅ ነርቭ በዚያው በተቆለመመው የደም ሥር ዙሪያ ስለሚያልፍ ድምፅዋም ሊጎዳ ይችላል። የሙሉ ሕመም ሌላ ነበር፤ ያም ሆኖ አንቺ አትሞቺም ብዬ ቃል አልገባልሽም አልኩ።

ሐሩን ስለ እግሯ ስናገር መተርጎሙን አቋረጠ። ይህንንም ልንገራቸው ወይ ብሎ በአማርኛ ጠየቀኝ። ሁሉንም አልኩት። ሁሉንም ነገራት። አሻ ሰምታ ስትጨርስ ተነስታ ወደ ቤት ገባች፤ እስከ ማፍጠሪያ ሰዓት አልወጣችም።

የዘይነብን ግፊት ለካሁ። የክንዷ ከፍ ያለ ነበር፤ መድኃኒቱን ግን በሱሑር፣ ጾሙ ከመጀመሩ በፊት በሌሊት በሚበላበት ሰዓት፣ ሳታቋርጥ ስትወስድ እንደነበር ፍሬዎቹን አውጥታ ቆጠረችልኝ። ባሏ ርቆ ወርቅ ቁፋሮ ላይ ነው፤ በስልክ ነገሩን ነግራው ውሳኔውን ለእሷ ትቶላታል።

ፀሐይ ስትገባ እነሱም አፈጠሩ፣ እኔም አብሬያቸው ቀመስኩ። የማሽላ ገንፎና የባምያ ወጥ ነበር። በእኛ ቤት ገንፎ የአራስ ጥሪ ነው፤ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፣ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። እዚህ የዕለት እንጀራ ማለት እሱ ነው። የዘይነብ ትንሿ ልጅ እንዴት እየቆረስኩ ባምያው ውስጥ እንደምነክር በእጄ ይዛ አሳየችኝ። አሻ ወጡን ወደ እኔ በኩል ገፋችው። እየጾምኩ መሆኔን ሐሩን ነግሯት ኖሮ ሥጋ አላስገባችበትም።

ዓርብ ጠዋት አሻ አስጠራችን። ዘይነብም ከጎኗ ተቀምጣለች። አሻ ስለ ሕመሙ ምንም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችው ልጇ ከሞተች ማን እንደሚነግራትና በየትኛው ቀን እንደሚነግራት ነበር። ወይዘሮ ጫልቱ ትዝ አሉኝ። እኔ እነግርሻለሁ፣ በዚያው ቀን አልኩ። እግሯ ካልታዘዘስ አለች። እኔ፣ በዚያው ቀን። ድምፅዋስ? እኔ፣ በዚያው ቀን። ሐሩን እያንዳንዱን ሲተረጉም እሷ የምታየው እኔን ነበር።

ዘይነብ ግን ከዒድ በኋላ መሄድ ፈለገች። ልጆቿን አዲስ ልብስ አልብሳ፣ በዓሉን አብራቸው ውላ። ይህ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ሰዓት ነበር። «ይቻላል» ብል ደስ ይላታል፤ «ከዘገየሽ ትሞቻለሽ» ብል ወዲያው ትነሳለች። ሁለቱም ግን እውነት አይደለም። ቡድኑ ከዒድ በፊት እንደሚሄድ፣ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ማናችንም እንደማናውቅ፣ እሷም በዚያ መሃል ደህና ልትሆን እንደምትችልና ላትሆንም እንደምትችል ነገርኳት።

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ሐሩን ለጁምዓ ወደ ከተማ ሄዶ ተመለሰ። ጎረቤቶች እየመጡ ያዩኝ ነበር፤ አንዷ የተቀደደ ቀሚሴን ሳልጠይቃት ወስዳ ሰፍታ መለሰችልኝ። በአሥር ሰዓት አካባቢ ዘይነብ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ እንሂድ» አለችኝ። «ግን ከእኔ ፊት ነው የምትናገር። ከኋላዬ አይደለም።»

እሺ አልኳት።

ቅዳሜ ስንነሳ ልጆቿን አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። ምን እንዳለቻቸው ሐሩንን አልጠየቅሁትም፤ ትንሿ ልጅ ግን አላለቀሰችም፤ የእናቷን ግራ ጎን በጣቷ ነክታ አየችው። አሻ አንድ ጨርቅ የደረቀ ባምያ ቋጥራ ሰጠችኝ። ከመንጌ እስከ አሶሳ በመኪና ሄድን፤ ከአሶሳ በአውሮፕላን። ትኬቱን የላከልን ሐኪማችን ነው፤ ያ የሁለት ቀን መንገድ አይሆንላትም ብሎ። ዘይነብ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ እስክንወርድ ድረስ መሬቱን እንዳየች ነበር። እኔ ከሁለት ቀን በላይ ተንገላትቼ የሄድኩበት አገር ሁሉ፣ ኬላውም ድልድዩም፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በበለጠ ጊዜ ከእግራችን ሥር አለፈ። አዲስ አበባ ስንወርድ ብርዱ አንቀጠቀጣት። ጋቢዬን ደረብኩላት።

ሐሙስ ጠዋት ገባች። በግራ ጎኗ በጎድን አጥንቶቿ መካከል ገብተው የጠበበውንና ያበጠውን ቆርጠው አውጥተው፣ በምትኩ ሰው ሠራሽ ቱቦ ሰፉላት። እንደተፈራው ብዙ ደማች። ሐኪማችን የወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልብሱ ከላብ የተነሳ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ሐሩን ስልኩን ይዞ አሻ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። በሕይወት ወጥታለች፣ አልነቃችም፣ እግሯን ገና አላወቅንም ብዬ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ነቃች። የእግሯን ጣቶች አንቀሳቅሺ ስንላት አንቀሳቀሰች። ያንንም በዚያው ቀን ደወልኩ። በጉሮሮዋ የገባው ቱቦ ሲወጣ ግን ከአፏ የወጣው ድምፅ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ነርቩ ተነክቷል። አልጋዋ አጠገብ ቆሜ፣ ፊቷን እያየሁ ነገርኳት። ይመለሳል ወይ አለችኝ፣ በከንፈሯ። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም፤ ያንቺን አላውቅም አልኳት። ስልክ እንድደውልላት በእጇ አመለከተች።

አሻን በስልክ ሰላም ብዬ የልጇ ድምፅ እንደተጎዳ ሐሩን እንዲነግራት አደረግሁ። ከዚያ ስልኩን ለዘይነብ ሰጠኋት። የሻከረ፣ የአሮጊት የሚመስል ድምፅ አወጣች። ወዲያው ዘይነብ ስልኩን መለሰችልኝ፤ በወዲያኛው ጫፍ ሐሩን ተቀብሎ «እናቷ ‹ይቺ ልጄ አይደለችም፣ ሌላ ሴት አቀረቡልኝ› እያሉ ነው» አለኝ።

ስልኩን ለአሻ እንዲሰጣት ጠየቅሁት። አሻ እስከዚያ ቀን ከእኔ ጋር በአማርኛ ተነጋግራ አታውቅም ነበር።

«አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ልጄ ነው?»

«ልጅሽ ናት። ድምፅዋ ተጎድቷል።»

«እውነት?»

«እውነት።»

«ስጠው» አለችኝ፤ ሰጠኋት።

ዘይነብ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ በበርታ ተናገረች። በየመሃሉ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ታርፍና ትቀጥላለች። በዚያ በኩል አንድም ቃል አይሰማም ነበር፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስልኩን አየሁ። አልተቋረጠም። በኋላ ለሐሩን ደውዬ እናትየዋ ለምን እንደዚያ ዝም እንዳለች ጠየቅሁት። ገና እንደጀመረች አንድ ነገር ብቻ ብላታለች አለኝ።

«ተናገሪ፣ እስክለምደው ድረስ።»